እንግዳዋ ቀንበጥ

«አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግርሽም፤ የልጅ ልጆቹ ዛሬም ገበያ ላይ ያገኙኛል፣ አያታችንን አሙብን ብለው ሊያኮርፉኝ ይችላሉ። ሲራራ ነጋዴ ነበር በይው፣ ይበቃሻል።»

ሸህ ኑርዬ ይህን ወግ የጀመሩት ዘምዘም ለምትባል እናት ነው። ዘምዘም የተጫነ አህያዋን ከደጃቸው ግራር ላይ አስራ፣ እጃቸውን ስማ፣ ገና አረፍ ሳትል ነበር ጭንቀቷን የዘረገፈችው። አንድ ልጇን ጦይባን ከወንዝ ማዶ ከዳረች ወዲህ ልጅቷ አገሩን አልለመደችም። ባሏ ደግ ነው፤ አማቷም ክፉ አይደለችም። እሷ ግን በሯን ዘግታ ታለቅሳለች፣ «ወደ እናቴ መልሱኝ» ትላለች። ባልየውም ሰሞኑን ሆድ ብሶት «ካልሆነላት ትመለስ» ማለት ጀምሯል።

«እኔ እኮ ምንም አላጓደልኩባትም ሸሆቼ» አለች ዘምዘም። «በርበሬዋን ደልዤ፣ ሽሮዋን አስፈጭቼ፣ ቅቤዋን አንጥሬ በየገበያው ቀን እጭንላታለሁ። ጨው አይቀር፣ ማገዶ አይቀር! ትዳሯ ሊፈርስብኝ ነው። ምን ልጨምርላት? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ሸሁ በበሩ አሻግረው አህያዋን አዩ። ጆሮዋ ብቻ ነው ከጭነቱ መሀል የሚታየው። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «አንድ ሰው ነበረ» ያሉት ያኔ ነው። ከዚያም እንዲህ እያሉ ቀጠሉ።

ሲራራ ነጋዴ ማለት እንግዲህ፣ አንቺ አልደረስሽበትም እንጂ፣ ከቆላ አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭኖ ደጋ ለደጋ የሚዞር ሰው ነው። ይሄ ሰው ዕድሜውን የጨረሰው በሰው ቤት ነው። ዛሬ እዚህ ያድራል፣ ነገ እዚያ ያድራል። በደረሰበት ሁሉ እግሩን ያጥቡታል፣ ወተት ይቀዱለታል፣ ከመደቡ ደህናው ቦታ ይነጠፍለታል፣ ጫቱም ለምለም ለምለሙ ተመርጦ ይሰጠዋል። የኛ አገር ሰው መቼስ ለእንግዳ ያለውን አውጥቶ ነው። ነጋዴው ከዚያ ሁሉ ዘመን የተማረው አንድ ነገር ነው፤ የወደዱትን ምንም ሳያጓድሉ ማስተናገድ። ሌላ አያውቅም። አንድ ዘር አልዘራ፣ አንድ ችግኝ አልተከለ። መሬት ለሱ የሚረገጥ እንጂ የሚቆፈር አልነበረም።

ጉልበቱ ሲደክም በቅሎዎቹን ሸጠና ሲያድርበት ከነበረ አንድ ሰፈር አግብቶ እዚያው ጎጆ ቀለሰ። ሚስቱ የአንድ ሽማግሌ ብቸኛ ልጅ ነበረች። ሰፈርተኛውም ወደደው፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ነው የወደዱት። ግን በስሙ የሚጠራው የለም። «እንግዳው» ነው የሚሉት። ደቦ ሲወጣ «አንተ እንግዳችን፣ እጥላው ስር ጋደም በል» ይሉታል። ሰው ሞቶ መቃብር ሲቆፈር ዶማ የሚያቀብለው የለም። ዱዓ ሲደረግ ደግሞ ከላይ ያስቀምጡትና ሲመርቁት ምን ይሉታል መሰለሽ? «አላህ መንገድህን ያቅናልህ!» የት ሊሄድ? ቤቱ እኮ እዚያው አጠገባቸው ነው! እሱም «አሚን» ይላል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ይከነክነዋል። ሚስቱን እንኳ «እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የምሄድላቸው እያሉ ነው እንዴ?» ብሏታል።

አማቱ ታዲያ ጓሯቸው ውስጥ አንድ ያረጀ የጫት ዛፍ ነበራቸው። አባታቸው የተከሉት ነው። የዚያ አገር የዱዓ ጫት የሚቆረጠው ከሱ ነበር። ሚስትየዋም ከልጅነቷ ጀምሮ ያደገችው እሱ ስር ነው። በክረምቱ ማለቂያ ጎርፍ መጣና ጓሮውን ከነአጥሩ ይዞት ወረደ። ዛፉ ስሩ ወደ ሰማይ ሆኖ ገደል ውስጥ ተጋደመ። ሽማግሌው ቅጠሉ ሳይጠወልግ ደረሱና አንድ እቅፍ ቀንበጥ ቆርጠው፣ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው ለልጃቸው አመጡላት።

«ከአባቴ እጅ የቀረን ይሄ ነው» አሉ። «እኔ የምተክልበት ጓሮ የለኝም። እዚህ ካልጸደቀ ያ ዛፍ ጠፋ።»

ልጅቱ ጨርቁን ታቅፋ አለቀሰች። ነጋዴው ብድግ አለና «ለኔ ይተዉት አባባ!» አለ።

ሽማግሌው አሳዩት። ቀንበጡን ከአንጓው በታች ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ፣ የታች የታቹን ቅጠል መመልመል፣ ልል አፈር ውስጥ ማቆም፣ ፀሐይ እንዳይመታው ማልበስ። «አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ግን እንዳይጨቀይ» አሉት። ሰው ደግሞ የሚሰማው ልቡ የፈለገውን ነው። ነጋዴው «እርጥብ ይሁን» የምትለዋን ይዞ ሌላውን ለነፋስ ሰጠው።

ተክሎ ሲጨርስ አፈሩን መታ መታ አደረገና «እንኳን ደህና መጣችሁ» አላቸው። ወላሂ እንዲህ አለ! ከዚያ ወዲያ ምን ልበልሽ፣ መስተንግዶው ተጀመረ። ጠዋት ያጠጣቸዋል። ቀትር ላይ ሙቀት ነው ብሎ ያጠጣቸዋል። ማታ እንዳይርባቸው ይመስል ደግሞ ያጠጣቸዋል። ሰሌኑን ከመደቡ አንስቶ ለነሱ ጥላ ሠራበትና እሱ በባዶ መደብ ተኛ። ትኩስ እበት ከስራቸው ከመረላቸው። ጁምዓ ሲሆን ምን አደረገ? ወተት!

«አንተ ሰውዬ» አለችው ሚስቱ፣ «ጫት ወተት ሲጠጣ የት አይተሃል?»

«እንግዶች ናቸው» አላት። «በጁምዓ ባዶ ውሃ ላጠጣቸው?»

መጀመሪያ ሁሉም ነገር ያማረ መሰለ። ቅጠሉ ለምለም ነው። ነጋዴው ጎረቤት እየጠራ ያሳያል፣ እነሱም «ማሻአላህ፣ ምን ዓይነት አያያዝ ነው!» ይሉታል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? ውሃውን እጥፍ አደረገው። ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ ቀንበጥ ከዛፉ ሲቆረጥ ትንሽ ስንቅ በሆዱ ይዞ ይመጣል። የሚለመልመው በሱ ነው። ስንቁ ሳያልቅ ስር ካወጣ ወጣ፤ ካላወጣ ልምላሜው የውሸት ነው።

ስንቁ አለቀ። ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ። ነጋዴው ውሃ ጠማቸው ብሎ ጨመረ። ግንዳቸው ከታች ጠቆረና መሽተት ጀመረ። አሁንም ጨመረ። አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ተከተለው። «ዓይን ነው የበላቸው» ብሎ ካመሰገኑት ጎረቤቶች አንዱን ሰላም ማለት ሁሉ ትቶ ነበር። ምስኪን! ምኑም ክፋት የለበት። እየወደዳቸው ነው የሚገድላቸው።

ሚስትየዋስ? ክረምቱ ካለፈ ወዲህ የወንዙ ውሃ ሸሽቷል። ያ ሁሉ እንግዶች የሚጠጡት ውሃ ከታች ከሸለቆው በእሷ ጀርባ ነው የሚወጣው። እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ወገቧ ይንቀጠቀጣል፤ ገና ሳታሳርፈው ባሏ ቅሉን ይዞ ይደርሳል። የአባቷ ዛፍ ነውና ጥርሷን ነክሳ ተመልሳ ትወርዳለች።

ከእቅፉ አንዲት ቀንበጥ ብቻ የቀረች ዕለት ግን እንዲህ ሆነ። ሴትየዋ ውሃ ቀድታ ተመለሰች። እንስራዋን ሁልጊዜ የምታስቀምጠው ጓሮ በር አጠገብ፣ በድንጋይ በተከበበች ጉድጓድ ላይ ነው። ሸክላ ደግሞ ውሃ ያዣል፤ ከእንስራው ስር ያለው አፈር ሁልጊዜ ረጠብ ያለ ነው። ያን ዕለት አንደኛው ድንጋይ ተናግቶባት ልታስተካክል ስታነሳው፣ እንደ ጥጥ ፈትል የቀጠኑ ነጫጭ ስሮች አየች። በዓይኗ ተከተለቻቸው። ክንድ ያህል ርቃ ከተተከለች ጤና አዳም ነው የመጡት። ማንም ዞር ብሎ የማያያት ጤና አዳም።

«ና ወዲህ» አለችው ባሏን። ውሃ የሞላ ቅል ይዞ ወደ ቀንበጧ እየሄደ ነበር። «ይቺን ጤና አዳም ማን ያጠጣታል?»

«እኔ እንጃ፣ ማንም።»

«ታዲያ ማን ጠርቷት ነው እዚህ እንስራዬ ስር ድረስ የመጣችው?»

ጎንበስ ብሎ ስሮቹን አየ።

«ጠምቷት ነው» አለችው። «ያንተዎቹ ለምን ብለው ስር ያወጣሉ? ሳይጠማቸው ውሃው አፋቸው ድረስ ይመጣል። እንግዳ አድርገህ ነው የጨረስካቸው። እንግዳ ደግሞ አይተከልም።»

ይህን ብላ ቅሉን ከእጁ ተቀበለችና ውሃውን ወደ እንስራው መልሳ ደፋችው። «አሁን ይቺን የቀረችውን እዚህ አጠገብ እተክላለሁ። ዶማ አምጣ።»

«ዶማ የለንማ።»

«ከጎረቤት ተዋስ።»

ነጋዴው ደነገጠ። «እኔ? ሰው ቤት ሄጄ ስጡኝ ልበል?»

«ዕድሜህን ሙሉ በሰው ቤት በልተህ የለም እንዴ!»

«ሲሰጡኝ ነዋ! ጠይቄ መቼ አውቃለሁ?»

«እንግዲያውስ ዛሬ ጠይቅ። የአባቴን ዛፍ ያንተ ኩራት አይጨርሰውም።»

ምን ያድርግ፣ ወጣ። የጎረቤቱ ደጅ ደርሶ ጉሮሮውን ጠረገ። ሊመለስ አሰበ። መልሶ ጠረገ። ጎረቤቱ፣ ያው እሱ ሰላምታ የነፈገው ሰውዬ፣ ሲያየው ፊቱ በራና «እንግዳው! ግባ፣ ግባ! ወተት ቅዱለት!» ብሎ ጮኸ።

«ወተት አልፈልግም» አለ ነጋዴው እያላበው። «ዶማ አውሰኝ።»

ጎረቤቱ አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያ ከሆዱ ሳቀ። ዶማውን ከጣሪያው ስር መዘዘና ሰጠው፤ ወዲያው ደግሞ እጁን ያዝ አድርጎ «አደራ ነገ ስትመልስ ወገብህን ታጥቀህ ና» አለው። «የከብቶቼን በረት ላጥር ነው፣ አንድ ሰው ጎድሎኛል። አንተን ማስቸገር ነውር መስሎኝ ነው እስከ ዛሬ።»

እዚያ ሰፈር ከገባ ጀምሮ አንድ ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀው ያ የመጀመሪያው ነው። ዶማውን ተሸክሞ ሲመለስ ደስታው ዓይኑን ጋርዶት የገዛ ቤቱን አልፎ ሊሄድ ነበር።

ሚስትየዋ ቀንበጧን አወጣቻት። የጠቆረውን ከታች በቢላ ቆርጣ ጣለች፤ ደህናው ላይ ስትደርስ በሰያፍ ቆረጠችና ከእንስራው ማስቀመጫ ስንዝር ራቅ አድርጋ ተከለቻት። አንድ ጉንጭ ውሃ ሰጠቻት። ያረጀ ቅርጫት ደፋችባትና «ከእንግዲህ የዚህችን ውሃ የሚያዘው እንስራዬ ነው። አንተ እጅህን እንዳታስገባ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው መከራ የሰውየው ነው። ቀትር ላይ ቅርጫቱን ገለጥ ሲያደርግ ቀንበጧ አንገቷን ደፍታለች። ይጨንቀዋል። አንድ ቀን ጋቢውን ደርቦ ኮሽ ሳይል ወደ ጓሮ ሲያልፍ ሚስቱ አየችው።

«ጋቢህ ስር ምንድን ነው?»

«ሆዴ ነዋ።»

«ሆድህ ያንጠባጥባል እንዴ?»

ቅሉን ቀማችው። ሁለቱም ሳቁ፣ እሱ ግን እየሳቀ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ብትሞትስ?» አላት። «አባትሽን ምን ብዬ አያለሁ?» እሷም ጨንቋት ነበር፤ ግን «አብሽር፣ ትፈልግ። ውሃው ቅርቧ ነው» አለችው።

ደግነቱ ቀንበጧን ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ አጣ። በረት ያሳጠረው ሰው ወሬውን አወራ፤ «እንግዳው ደህና አጥር ያጥራል» ተባለ። አንዱ ለወፍጮ ድንጋይ ሸክም ጠራው። ሌላው ክምር ሲከምር ጠራው። ዶማ የተዋሰ ሰው ምሳርም ይዋሳል፤ ምሳር የተዋሰ ደግሞ የታመመ በሬ ሲኖር ይጠራል። ማታ ማታ ጭቃውን ተለቅልቆ፣ እጁ ውሃ ቋጥሮ ሲገባ የተናደደ ይመስልሻል? እንደ ሙሽራ እያፏጨ ነበር የሚገባው።

ብርዱ ጋብ ሲል አማቱ ሊጠይቋቸው መጡ። ነጋዴው ቅርጫቱን አነሳ። ቀንበጧ ከጫፏ ቀላ ያለች አዲስ ቅጠል አውጥታለች። ሽማግሌው በሁለት ጣታቸው ያዟትና ሳብ አደረጓት። አልመጣችም። አፈሩን ይዛዋለች።

«ጸድቃለች» አሉ። «ልጄ፣ የአያትሽ ዛፍ ጸድቋል።»

ነጋዴው እዚያው ጓሮ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በዚያው ሰሞን ዱዓ ተደርጎ ሰዎቹ ተሰበሰቡ። ነጋዴው እንደ ድሮው ከላይ ሊቀመጥ ሲል ጎረቤቱ በስሙ ጠርቶ «ኧረ ወዲህ ና፣ እንጨቱን አብረን እንፍለጥ፣ ማን ሊፈልጠው ነው?» አለው። ፈልጦ ሲመለስ ምርቃቱ እሱ ጋ ደረሰ። አንገቱን ደፍቶ ያቺን የለመዳትን የመንገድ ምርቃት ጠበቀ። መራቂው እጃቸውን ዘረጉና «አላህ ጓሮህን ያልማልህ፣ ደጅህን ሰው አያሳጣው» አሉት። ማንም የነገራቸው የለም። መንገዱን ረስተውት ነው።

ሸህ ኑርዬ እዚህ ላይ ወጋቸውን አቆሙና ወደ ዘምዘም ዞሩ።

«እንግዲህ ዘምዬ፣ ያቺ ቀንበጥ ጦይባ ናት። ከአንቺ ተቆርጣ ስትሄድ ስንቋን ይዛ ነበር የሄደችው። ስንቁ ሲያልቅ እጇን መዘርጋት ነበረባት፤ አንቺ ግን አህያ ጭነሽ ደረስሽ። በርበሬ አላት፣ ሽሮ አላት፣ ማገዶ አላት። የማንን ደጅ ትርገጥ? ማንስ ይምጣባት? ያ ሁሉ ጎረቤት እናቷ የምትቀልባት እንግዳ ናት ብሎ ትቷታል። እሷም እንግዳ ነኝ ብላ ጓዟን እያየች ትቀመጣለች።»

ዘምዘም ፊቷ ተለወጠ። «እና ልጄን ላስርባት ነው የሚሉኝ?»

«ወጊጅ! መቼ እንደዛ አልኩ? ሴትየዋ እንስራውን ሰበረች አልኩሽ? ውሃውን ስንዝር አራቀችው እንጂ። ቀንበጧ እንድትዘረጋ ያህል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል አልሰማሽም? ያ ጎረቤት ግን ካልጠየቁት ጎረቤት አይሆንም።»

ዘምዘም በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «የኔ ጥፋት ነው ይበሉኛ» አለች።

«ፍቅርሽ ነው እንጂ ምን ጥፋት አለብሽ። ምን ልጨምር ብለሽ አይደል የጠየቅሽኝ? አትጨምሪ። ዛሬ የጫንሽውን ውሰጂላት፣ ጨዉን ብቻ እዚህ ተዪው። ነገ ወጧን ጥዳ ጨው ስታጣ ወንዝ ተሻግራ አንቺ ጋ አትመጣም፤ ወጡ ያርርባታል። ነጠላዋን ጣል አድርጋ አጥር ዘልላ ትጠይቃለች። የሰጠቻት ሴትዮ ደግሞ በማግስቱ ወንፊት ልትዋስ ትመጣለች። እንዲያ ሲባባሉ ነው ሰው አገር የሚለምደው።»

ዘምዘም ወደ ግራሩ ሄደች። ጨዉን ፈትታ አወረደች። ትንሽ አሰብ አደረገችና ማገዶውን ደግሞ ያዝ አድርጋ ወደ ሸሁ ዞር አለች።

«እሱንም ተዪው፣ ለኔ ይሆናል» አሉ ሸህ ኑርዬ ከበራቸው ሆነው። አህያዋ ሸክሟ ቀሎላት ጆሮዋን ስታራግፍ ሳቃቸው አመለጣቸው። ዘምዘምም እያለቀሰች ሳቀች። መንገድ ስትጀምር ግን ጠርተው አስቆሟት።

«ጦይባን ሰላም በያት። አደራ ዘምዬ፣ ጨው አለሽ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂያት!»